ጣት ያለበት ሳሙና

ትንሿ ጨረቃ በሞላች ማግስት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ከርመሻል? ያቺ ፍልቅልቅ የልጅ ልጄስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው፤ ከዚህ በላይ ለማለት ጉልበቱም የለኝም። ፊደሎቼን አጥብቤ ብጽፍ አትቀየሚኝ። ቀለም የሚሸጠው ከአምና ጀምሮ የንጉሡ ፀጉር አስተካካይ ብቻ ነው፤ እንደ መድኃኒት በጠብታ ነው የሚሰጡን። መስታወት ለውሻ ጠባቂያቸው ደረሰው። ሳሙና የማን እንደሆነ ደግሞ፣ ባልሽ እዚያው ሰውዬ ቤት ጸሐፊ ነውና፣ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ፈረሱ ጎንበስ ብሎ ለንጉሡ እጅ ስለነሳ የአገሩ ሳሙና በሙሉ ለፈረስ አሰልጣኙ ተሰጠ። ፈረሱ ራሱ ቢጠየቅ ይህን ያህል አይመኝም ነበር።

ሳሙና የምንሠራበትን ቤታችንን ማሸጋቸውን ጽፌልሽ ነበር። አባትሽ ለጊዜው ጣራ ጣራውን ሲያይ ከረመና፣ ሆድ ባሰውም አልባሰውም ሰው መብላት አለበትና፣ በአሰልጣኙ ሳሙና ቤት ተቀጠረ። እኔም ተከትዬው ገባሁ፤ የተቆረጠውን ሳሙና ማድረቂያው ላይ እደረድራለሁ። ሥራው ያው ነው። ሞራ ይቀልጣል፣ የአመድ ውሃ ይጨመራል፣ ክንድ እስኪዝል ይማሰላል። አዲስ ነገር ቢኖር በእያንዳንዱ ሳሙና ላይ የፈረስ ማኅተም መመታቱ ነው።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ሳሙና ሲቆርጥ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጫን ሳያደርግ አልፎ አያውቅም። መርጋቱን የሚያየው በዚያ ነው። ሌላው ሰው ጢሙን እንደሚነካካው እሱም ልብ ሳይል ነው የሚያደርገው፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ምልክት ትቀራለች። እና ምን ሆነ መሰለሽ? የድሮ ደንበኞቻችን ምልክቷን አወቋት። አሰልጣኙ ሱቅ ገብተው ሳሙናውን እያገላበጡ «ጣት ያለበትን ስጠኝ» ይሉት ጀመር ባለሱቁን። ሌላው፣ አሸዋ የበዛበት፣ መደርደሪያ ላይ ተሰነጣጥቆ ቀረ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴን እይልኝ።

የንጉሥ ማኅተም ባረፈበት ዕቃ ላይ ሌላ ምልክት ማድረግ ክልክል ነው። ቅጣቱ ከበረሃው ማዶ ወደ አመድ ሜዳ መውረድ ነው። እዚያ እንጨት እያነደዱ ለሳሙና ቤቱ አመድ ማዘጋጀት ነው፣ ንጉሡ ምሕረት እስኪያደርጉ ድረስ። ይህን ሁሉ ነገር ለዚህም ለዚያም ሲያድሉ፣ ምሕረትን ግን ገና ለማንም አልሰጡም። የአባትሽን ደረት ደግሞ ታውቂዋለሽ። እዚያ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ባለፈው አፍንጫው መጣ። አፍንጫው የምንለው ተቆጣጣሪውን ነው፤ በየቤቱ ተደብቆ ሳሙና የሚሠራ ካለ ብሎ የሰውን እጅ ሲያሸት ይውላል። አባትሽ በዚያ ቀን ሳሉ ጠንቶበት ቤት ውሎ ነበር፤ እሰይ አልኩ በሆዴ። ሁላችንንም አሰለፈንና ሳሙናውን ከፍ አድርጎ «ይሄ የማን ጣት ነው?» አለ። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። «የቀረውም ሰው ነገ ይመጣል፤ የሁላችሁንም ጣት እለካለሁ» ሲል ከሰልፉ ወጣሁ።

«የእኔ ነው ጌታዬ» አልኩት።

እጄን ያዘና መጀመሪያ አሸተተው፤ ልማድ ሆኖበት ነው። ከዚያ ጣቴን ጉድጓዷ ላይ አኖረው። እንኳን ሊሞላት መሐሏ ላይ ዋለለ።

«እማማ፣ ይሄ ጣት የእርስዎ አይደለም» አለኝ ዝግ ብሎ።

«የአመድ ውሃ እጅ ያሳብጣል ጌታዬ። ያን ጊዜ አብጦ ነበር።»

«የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። እሱም ደክሞታል መሰለኝ። «እኔ የሚፈለግብኝ አንድ ሰው ማምጣት ነው» ብሎ ስሜን መዝገቡ ላይ ጻፈ። የሚወስዱኝ ነገ ነው።

ልጄ፣ አታልቅሺ። ባልሽንም ለምኝልኝ አላልኩሽም። በአማቱ ጉዳይ አፉን ከከፈተ እናንተም ሜዳ ላይ ትወድቃላችሁ፤ ያቺን ሕፃን ይዘሽ የት ትደርሻለሽ? ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

የምፈልግብሽ አንድ ነገር ነው። አባትሽ ምንም አያውቅም፤ የሥራ ቤቱ ሰዎችም እንዳይነግሩት ለምኛቸዋለሁ። ልጃችን ጋ ሄጄ ሕፃኗን ልያዝላት ብዬዋለሁ፤ አመነኝ፣ እንዲያውም ደስ አለው። እዚህ ከቀረ ግን ያ ጣቱ አያርፍም፤ ቢነገረው እንኳ ይረሳዋል፣ ሁለተኛ ደግሞ በእሱ ፈንታ የሚቆም የለም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ «እናቴ በሰላም ገብታለች፣ አንተም ናና አብረን እንሁን» ብለሽ ጻፊለት። ደርሶ እኔን ሲያጣኝ ይቆጣል፣ ይሰድበኛል፤ ይስደበኝ። ሞቅ ያለ ነገር አጠጭው፣ በር አጠገብ አታስተኝው። ገና ከአጠገቡ ሳልሄድ እንደናፈቀኝ ልንገርሽ።

ክፉ አይይሽ። ልጅሽ እቅፍሽ ውስጥ ትደግ፣ ደጃፍሽን የምታንኳኳው እጅ ሁሉ የወዳጅ ትሁን።

የምትወድሽ እናትሽ

ይህን ስጽፍ አባትሽ ወዲያ ማዶ ሻንጣዬን እያሰናዳልኝ ነው። ወፍራሙን ካፖርቴን አውጥቶ ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው። «ምን ያደርግልሻል? የልጅሽ ቤት ይሞቃል» አለኝ። አመድ ሜዳው ማታ ማታ አጥንት የሚሰብር ብርድ አለው ይላሉ። ካፖርቴን መልሼ ለመክተት እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነው፤ እሱ ግን እየዘፈነ ልብሴን ያጣጥፋል።