በትራሱ ውስጥ የኖሩት ስድስት መቶ ሃያ ሦስት ሰዎች

አዳማ፣ ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

እኔ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ዘርጋው፣ ዕድሜዬ ሰባ ዓመት፣ ባለቤቴ አቶ ገብረወልድ አንበርብር ከሞተ አሥራ አራት ዓመት የሆነኝ፣ ይህን ኑዛዜ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናገራለሁ። ጉልበቴና ልቤ ደክመዋል፤ አእምሮዬ ግን ደህና ነው። ልጄ ቢኒያም ይህን ለማረጋገጥ ብሎ ዛሬ ጠዋት ቀኑንና ወሩን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እኔም በተራዬ ሚስቱ የተወለደችበትን ቀን ጠየቅሁት፤ አላወቀውም። ስለዚህ በዚህ በኩል ከእሱ እሻላለሁ። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ የለም፤ አለ የሚል ቢመጣም አትስሙት።

የምትጽፍልኝ የሕግ ጉዳይ ጸሐፊዋ ሃዊ ቶኩማ ናት። ሰዎቹ መሀል ገብተው የሚናገሩትንም እንዳትተው አዝዣታለሁ። «እማማ፣ ኑዛዜ ላይ የሌላ ሰው ወሬ አይገባም» ብላኝ ነበር። «የእኔ ላይ ይገባል» አልኳት።

ምስክሮቼ ሕጉ እንደሚለው አራት ናቸው። አቶ ፉፋ ነጋሳ፣ ብረት በያጅ፤ ወይዘሮ ሰሊማ ፈሪድ፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎረቤቴ፤ እንቁ ቦጋለ፣ ከመንገዱ ማዶ ጸጉር ቤት ያላት። አራተኛው የጠራሁት ሰው ስለቀረ፣ ሰሊማን ከገበያ ያመጣውን የባጃጅ ሹፌር ሰዓድን ከበር ላይ መልሰን አስገብተነዋል። ለምስክር ውርስ መተው እንደማይቻል ከሕግ መጽሐፉ ላይ አንብቤያለሁ። ስለዚህ አራታችሁም ዛሬ ከእኔ የምታገኙት ምሳ ብቻ ነው።

አንደኛ፤ የመኖሪያ ቤቱና ግቢው ለልጆቼ ለቢኒያምና ለሶፊ እኩል ይሁን። ማንጎው ያለበት ወገን ለሶፊ ይድረስ። ቢኒያም ማንጎ ሆዱን ያመዋል፤ ቢያመውም ደግሞ አይተውም።

ሁለተኛ፤ መጽሐፎቼ፣ በሁለቱ ሣጥን ያሉት፣ የሶፊ የእግር ኳስ ቡድን ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ በመኪና ላይ ይነበቡ። ቢቀደዱ አልቆጣም። ዳዊቴ ግን ከእኔ ጋር ይቆይ።

ሦስተኛ፤ የልብስ ስፌት መኪናዬ ለሶፊ ነው። ሶፊ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠላሳ መኪና በአንድ መስመር የምታሠራ ልጅ ናት፤ ይህች የእግር መኪና ምን ታደርግላታለች ትሉ ይሆናል። ይህች ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን ከእናቴ ቤት ይዣት መጥቼ ነበር። በ1985 ዓ.ም. አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ቦታዋ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቴ ሸጧት ለአዋሽ ኮከብ አሥራ አምስት ማልያና ሁለት ኳስ ገዝቶባታል። «ሸዋዬ፣ ማልያው ቀይ ነው፤ ስታይው ትወጂዋለሽ» አለኝ። አየሁት። አልወደድኩትም።

አዋሽ ኮከብ የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ነበር። ጸሐፊው ገብረወልድ፣ በረኛው ደግሞ እዚህ የተቀመጠው ፉፋ ነበር፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ።

አራተኛ፤ በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ሱቆች በሚመለከት። በዚህ ላይ ነው ልጆቼ የተጣሉት፤ ሁለታችሁም እዚህ ስላላችሁ የተባለውን ልድገመው።

ሶፊ ከፓርኩ ሴቶች ጋር የእግር ኳስ ቡድን መሥርታለች፤ ስሙንም አዋሽ ኮከብ ብላዋለች። ከተማዋ ሌላ ቡድን የላትም ማለት አይደለም። የሶፊ ሐሳብ ነዋሪው ራሱ አባል ሆኖ፣ በየወሩ እያዋጣ፣ ተጫዋቾቹን በደመወዝ የሚያኖር ክለብ እንዲሆን ነው። ለገና ምሳ ስንበላ፣ «እማዬ፣ የሱቆቹ ኪራይ ለክለቡ መነሻ ቢሆን» አለች።

ቢኒያም ሳቀ። «አዳማ ክለብ አትችልም። አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓት ናት፤ ጎበዝ ተጫዋች ስታገኙ በማግስቱ እዚያ ነው። ተመልካቹም ዲሽ ቤት ቁጭ ብሎ የእንግሊዝ ጨዋታ ያያል።»

«ፓርኩ ውስጥ ብቻ ስንት ሴት እንዳለች ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ደመወዟ ለቤት ኪራይ አልበቃ ያላት ሴት ለክለብ ታዋጣለች?»

«በወር አንድ ሻይ ነው የምንጠይቃት!»

«ሶፊ፣ አባባ ያን ያህል ለፍቶ የፈረመለት አምስት መቶ ስምንት ሰው ነው። አምስት መቶ ስምንት! ከተማዋ መልሳለች።»

ይህን ቁጥር ቢኒያም አልፈጠረውም። በዚህ ከተማ ስለ ክለብ ያነሳ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነገረው የኖረ ቁጥር ነው። ሰዓድን፣ ያኔ ያልተወለደውን፣ ሰምቶት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እንዴ፣ እማማ! እኛ ጋ አዋጣ ሲባል ኪሱን የሚይዝ ሰው ካለ "አምስት መቶ ስምንት" ነው የምንለው። ከየት እንደመጣ ግን እንጃ።»

«ከእኔ ነው የመጣው» አልኩት።

አሁን ሁላችሁም ስሙ፤ ሃዊ፣ አንቺም ቀስ ብለሽ ጻፊ።

ግንቦት 14 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ እሑድ ነበር። አንድ ፋብሪካ፣ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ እንዲህ ሲል ቃል ገባ፦ አዋሽ ኮከብ ከቢሾፍቱ ቡድን ጋር በሚጫወትበት ቀን አንድ ሺህ ነዋሪ በወር አንድ ብር ለማዋጣት በወረቀት ከፈረመ፣ የቀረውን ወጪ ፋብሪካው ይችላል። ወረቀቱ የሚፈረመው ሜዳው በር ላይ ነበር። የወንዶቹን በር የኮሚቴው ሰዎች ያዙ፤ የሴቶቹን እኔ ያዝኩ። እኔ ያኔ ፊደል አላውቅም። መጻፍ የምትችል ለማትችል ስሟን ትጽፍላታለች፤ ያልቻለች በአውራ ጣቷ ታትማለች፤ እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ። ሴቶቹ እንዲያ ይመጣሉ ብሎ ማንም አላሰበም። በሩ ጠበበ።

ጨዋታው እንዳለቀ ገብረወልድ እንግዶቹን ሊሸኝ ቀረ፤ እኔ ከረጢቱን በጋሪ ይዤ ቤት ገባሁ። ሳወርደው ከበደኝ። ክብደቱን ሳውቅ ሌላውንም አወቅሁ፦ ይህ ነገር ከተሳካ ባሌ በየሳምንቱ አገር ላገር ይዞራል፤ ከስፌት መኪናው ቀጥሎ አልጋው፣ ከአልጋው ቀጥሎ ቤቱ ይሸጣል። ቢኒያም ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሶፊ ገና ትድሃለች። በገለባ የሞላሁት አዲስ ትራስ ነበረኝ። ገለባውን አፍስሼ ወረቀቱን ሞላሁበትና በእጄ ሰፋሁት፤ መኪና የለኝማ። ከረጢቱ ውስጥ አንድ እፍኝ ብቻ ተውኩ።

በማግስቱ ሲቆጠር የወንዶቹ አራት መቶ ስድሳ ሁለት፣ የሴቶቹ አርባ ስድስት ሆነ።

ሜዳው መሙላቱን ሁሉም አይቷል። ግን እያንዳንዱ ሰው «እኔ ፈርሜያለሁ፤ ያልፈረመው ጎረቤቴ ነው» ብሎ አመነ። ገብረወልድም «ሴቶቹ ለጨዋታው ነው እንጂ ለፊርማው አልመጡም ለካ» አለ። ፋብሪካው ነገሩን ተወው፤ ቡድኑ በዚያው ክረምት ተበተነ።

ባለቤቴ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሥራ ያዘ፤ በሁለት ዓመቱ ይህችን መኪና ገዛልኝ፤ ልጆቹን በእጁ ይዞ ትምህርት ቤት ያደርስ ነበር። ደስ የሚል ትዳር ነበረን። ጥፋቴን የሚያከብድብኝም ይኸው ነው፤ ተጠቀምኩበት።

በዚያ ትራስ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ተኛ። «ሸዋዬ፣ ይህ ትራስ ያወራል እኮ» ይለኝ ነበር።

«ገለባ ነው።»

«ገለባ ይህን ያህል የሚያወራው ምን አለው?»

አንድ ቀን ልነግረው ቆርጬ ትራሱን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ። «ልታጥቢው ነው? ተይው፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ። መለስኩት።

ማንበብ የተማርኩትም ከዚሁ ትራስ ነው። እሱ ሥራ ሲሄድ በስፌቱ ጥግ አንድ አንድ ወረቀት እያወጣሁ፣ የማውቃቸውን ሴቶች ስም ከጽሑፋቸው ጋር እያስተያየሁ ፊደል ለየሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ በመጀመሪያ ያነበብኩት ግን የበደልኳቸውን ሰዎች ስም ነው።

ሶፊ፣ መቀስና ትራሱን አምጪ።

(ጸሐፊዋ፦ እዚህ ላይ ተናዛዧ ንግግራቸውን አቆሙ፤ ትራሱ በአራቱ ምስክሮች ፊት ተቀደደ። ከውስጡ የወጣውን ወረቀት አቶ ቢኒያም ቆጠሩ።)

ሃዊ፣ ሲቆጠር የተባለውንም ጻፊ። ሰሊማ መሬት ላይ ተቀምጣ የራሷን አገኘች። «ሱብሃነላህ! ይኸው የእኔ! ሸዋዬ፣ አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያችን የዳቦ ቤቷን ሴት ነው የማማት፣ አልፈረመችም ብዬ!»

«ፈርማለች። እዚያው ውስጥ ናት።»

«አሁን እንግዲህ በምን ልማት?»

እንቁ የእናቷን ጽሑፍ አግኝታ ለሰዓድ ታሳያለች፤ ሰዓድ ደንበኛ ሲደውልለት «ጉዳይ ላይ ነኝ» ይላል። ሶፊ እያለቀሰች ትስቃለች። ቢኒያም ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

«ስድስት መቶ ሃያ አንድ» አለ።

«ሃያ ሦስት ነው። ሁለቱ ዳዊቴ ውስጥ ናቸው።»

ደምሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ እህቱን አየ። «አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ሶፊ አልሳቀችበትም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

ከዳዊቱ ከወጡት ሁለት ወረቀቶች አንዱ የራሴ ነው። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሐሳቤ ሳይለወጥ በፊት፣ እኔም አትሜ ነበር። ሁለተኛውን ለፉፋ ሰጠሁት። ፉፋ ይህ ሁሉ ሲሆን ከወንበሩ አልተነሳም።

«የእናትህ ነው» አልኩት። «የወይዘሮ አበባ። ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ሽንኩርቷን በር ላይ አውርዳ ነው ያተመችው። ወረቀቱ ለወራት ሽንኩርት ይሸት ነበር።»

«አዮ» አለ፤ እናቱን የሚጠራት እንዲህ ነበር። ቆይቶም፦ «እትዬ ሸዋወርቅ፣ እስክትሞት ድረስ ፈርሜልሃለሁ ትለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሴት አርባ ስድስት ብቻ ሲባል፣ ልታጽናናኝ ነው ብዬ አላመንኳትም።»

«ፉፋ፣ ይቅር ትለኛለህ?»

«ዛሬ አልልም።»

«ምሳ ትቆያለህ?»

«ምሳማ እቆያለሁ።»

እንግዲህ አራተኛው ቃሌ ይህ ነው። የሁለቱ ሱቆች ኪራይ ከሞትኩበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ለአዋሽ ኮከብ ይሁን። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ክለቡ አንድ ሺህ አባል በፊርማ ካገኘ፣ ሱቆቹ ለዘለቄታው የክለቡ ይሁኑ። ካላገኘ ሱቆቹ ለልጆቼ እኩል ይመለሱ፤ ማንም በማንም አይሳቅ። ቢኒያም ስለ ተጫዋቾቹና ስለ ዲሽ ቤቱ ያለው ስህተት አይደለም። ያኔም ቢሆን አንድ ሺህ ፊርማ አንድ ሺህ ብር መሆን አለመሆኑን ማንም ሳያይ ቀርቷል፤ እኔ ነኝ እንዳይታይ ያደረግሁት። በከተማዋ ፈንታ አንድ ጊዜ መልሼላታለሁ፤ ሁለተኛ አልመልስላትም።

ፊርማውን የሚቆጥረው ቢኒያም ነው።

«እኔ? እማዬ፣ እኔ እኮ አላምንበትም።»

«ለዚህ ነው። በየበሩ ሁለት ሁለት ሰው ይቁም፤ የክለቡ ጸሐፊ ሚስት ግን አትቁም።»

የትራሱ ወረቀቶች ሁሉ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ፤ የሞቱትም ለልጆቻቸው። ቢኒያምና ሶፊ አብራችሁ፣ በእግራችሁ፣ ቤት ለቤት ዙሩ፤ የሠራሁትን ሳትደብቁ ንገሩ፤ ከዚያ በኋላ ዛሬም ይፈርሙ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ ስድቡን ተቀበሉልኝ። የእኔን ወረቀት ግን አልሽረውም። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይቀራችኋል።

አምስተኛ፤ ቀብሬ ከባለቤቴ አጠገብ ይሁን። የትራሱ ጨርቅ ይሰፋና፣ በእውነተኛ ገለባ ተሞልቶ ከራሴ ስር ይደረግ። ለእሱ የነገርኩት ነገር ቢያንስ አሁን እውነት ይሁን። ድንኳኑ ሦስት ቀን አይቁም፤ ቀብሬ ቅዳሜ ከዋለ ሶፊ እሑድ ጨዋታዋን አትሰርዝ።

ልጆቼ፣ የምመክራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሌ ሳይነግረኝ ሸጠ፤ እኔም ሳልነግረው ደበቅሁ። ያን ማልያ እንዳልወደድኩት በዚያው ቀን ብነግረው ኖሮ ይህ ኑዛዜ በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር።

ይህ ቃሌ ከተጻፈ በኋላ ሃዊ ለእኔና ለአራቱ ምስክሮች፣ ሁላችንም በአንድነት ባለንበት፣ ጮክ ብላ አንብባዋለች። በሚነበብበት ጊዜ አቶ ፉፋ አንድ እርማት ጠይቋል፦ «በረኛው» ከሚለው ፊት «ጎበዙ» የሚል ይግባበት ብሏል። ልክ ስለሆነ ተቀብያለሁ፤ እንደገባ ይቆጠር።

ተናዛዥ፦ ሸዋወርቅ ዘርጋው (ፊርማ፤ በራሷ እጅ)

ምስክሮች፦

ሰሊማ ፈሪድ (ፊርማ)

እንቁ ቦጋለ (ፊርማ)

ሰዓድ ሙሳ (ፊርማ፤ የክለቡ የአባልነት ወረቀት የት እንደሚገኝ ጠይቋል)

ፉፋ ነጋሳ (መጻፍ ይችላል፤ የእናቱን ወረቀት አጠገቡ አስቀምጦ፣ በገዛ ፈቃዱ በአውራ ጣቱ አትሟል)

ጸሐፊ፦ ሃዊ ቶኩማ