ከጨጓራዬ የማይወርድ እህል

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለመሪጌታ ፈንታው፤ ቤተ ልሔም፣ ጋይንት።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ፤ ማሕሌት ቆመው ሲያድሩ አሁንም ያምዎታል? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? ጤፉ ተወቃ ወይስ ገና አውድማ ላይ ነው? እኔ ልጅዎ ካሣነሽ ከናፍቆታችሁ በቀር ዛሬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «ዛሬ» ያልኩበትን ምክንያት ላጫውትዎ።

አምና በጥር፣ በወንድሜ በአስቻለው ሠርግ ስወድቅ አይተዋል። የስኳር መርፌዬን ተወግቼ፣ በልቼ፣ ከሚዜዎቹ ጋር ስስቅ ድንገት ላብ አጠመቀኝ፤ ዳሱ ዞረብኝ። ሰው ሁሉ ቡዳ በላት ሲል፣ እርስዎ ማር አልሰው ነው የመለሱኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ ማስመለሱ ጠናብኝ። ጠዋት የሚወጣኝ የማታው እራት ነው። እህል አስጠላኝ፤ ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። ሆዴ ውስጥ ክፉ ነገር የበቀለ መስሎኝ ለእናንተ መጻፍ እንኳ ፈራሁ።

በምታከምበት ሐኪም ቤት ዶክተር አበባየሁ የምትባል ሴት አለች። ስኳር የቆየባቸው ሰዎች ጨጓራቸው ምግብ ማውረድ ለምን እንደሚዘገይ ታጠናለች። ነገሬን ሰምታ በጥናቱ እንድገባ ጠየቀችኝ፤ ባልፈልግም ሕክምናዬ እንደማይጓደል ነገረችኝ። እሺ አልኩ። የምርመራው ቀጠሮ ግን ረቡዕ፣ ለምርመራው የሚበላውም እንቁላል በዳቦ ሆነ። ጾም ነው፣ የመሪጌታ ልጅ ነኝ ብላት አልሳቀችብኝም፤ ሐሙስ ነይ አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት የሰጡኝን በልቼ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ተጋደምኩ። ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በአልትራሳውንድ ታየኝ ጀመር። አባባ፣ የበላሁት በማሽኑ መስኮት ላይ ሲታይ ክረምት ከገደሉ በታች የሚተኛውን የአገራችንን ጉም ይመስላል። እነሣለሁ፣ ዞር ዞር እላለሁ፣ ተመልሼ እጋደማለሁ፤ ጉሙ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እንቅልፍና ንቃት ተቀላቀለብኝ። የእርስዎ ዜማ ከሩቅ የሚሰማኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነፋስ ፊቴን የሚዳስሰኝ መሰለኝ። ቀትር ካለፈ በኋላ ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ «ካሣነሽ፣ ቁርስሽ አሁንም እዚሁ ነው» አለችኝ።

ስኳሩ በብዙ ዓመት ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ጎድቶታል አለች። እህሉ እዚያው ተኝቶ ሳለ መርፌው ቀድሞ ይሠራና ስኳሬ ከልክ በታች ይወርዳል፤ በሠርጉ የጣለኝም ይኸው ነው። አስቀድማ በአፌ በሚገባ ቱቦ ጨጓራዬን ያስመረመረችኝም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ የፈራሁት በሽታ የለብኝም። ይህን ስሰማ እንባዬ አመለጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ለስለስ ያለ ነገር ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ እበላለሁ፤ የመርፌዬንም ሰዓት አስተካክላልኛለች። የጾሙን ነገር ቅር እንዳይልዎት፤ የንስሐ አባቴ ጠዋት የጾም ምግብ እንድቀምስ ፈቅደውልኛል። ለጥናቱ የምውጠው ኪኒንም አለ። ለግማሾቻችን የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ ለግማሾቻችን ምንም የሌለበት። የኔ የትኛው እንደሆነ እስኪያልቅ ድረስ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ባዶው ቢደርሰኝስ እያልኩ ሰንብቼ አሁን ተውኩት፤ ከኋላዬ ለሚመጣ በሽተኛ ከጠቀመ ይሁን።

ትናንት ታክሲ ውስጥ ሆዴ ጮኸ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ከተለያየን ቆይተናል። በኋላ ገባኝ። አባባ፣ ራበኝ! ከኪኒኑ ይሁን ከአበላሌ ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ራበኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም።

እማዬን ዓይኗን ይሳሙልኝ። አስቻለውንና ባለቤቱን ዘርፌን፣ ጎረቤታችንን እማማ ታንጉትን፣ የቆሎ ተማሪዎችዎንም ሰላም ይበሉልኝ። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ካሣነሽ
አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 2004 ዓ.ም.