በገጽ 2,871 ግርጌ ስላሉት አራት መስመሮች

ለተከበሩ የቺፕ ፋብሪካው የመመሪያ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት አገር፣ በተቀመጡበት ወንበር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ከብትም ካለዎት ከብቱስ? ትንፋሽዎ ያለ ማሽን ወጥቶ እንዲገባ፣ ዓይንዎም ደቃቅ ፊደል ለማየት እንዳይደክም ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሞባይል የምጠግን በላይነህ አስናቀ የምባል ሰው ነኝ። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ መመሪያዎ ቺፑን መዋጥ ክልክል መሆኑን በሃያ ሦስት ቋንቋ ሲያስጠነቅቅ የእኔን ቋንቋ ከመካከላቸው ስላጣሁት፣ እነዚያ ቢውጡትም ግድ የለም ብለው ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ስለ አስተርጓሚም አይጨነቁ፤ የእኔ ጽሑፍ እንደ እርስዎ አይደለም፣ ቶሎ ያልቃል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝና ዳዊት ያስደገሙኝ የእብናቱ መምህሬ የኔታ ይሻው፣ ሳንባቸው ደክሞ በኦክስጅን ማሽን እየተረዱ ከቤታቸው ይኖሩ ነበር። ማሽኑን ልጃቸው ፈንታነሽ ከዓረብ አገር ስትመለስ ለራሷ ሻንጣ ሳትይዝ ተሸክማ ያመጣችላቸው ነው። ከጥምቀት ማግስት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሲመለስ ማሽኑ ቀጥ አለ። ፈንታነሽ በሚኒባስ አቅፋ አመጣችልኝና ፈታሁት። ሞተሩ ደህና ነው፣ ፊውዙም ደህና ነው፤ ዝም ያለው በቦርዱ መካከል የተቀመጠው፣ ከምስር ክክ የማይበልጠው የእርስዎ ቺፕ ነበር። ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ አለምነው የቺፑን መመሪያ ፈልጎ በፍላሽ ላከልኝ፤ ስከፍተው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ አራት ገጽ ነው። የኔታም ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ፣ በላይነህ እያነበበልኝ ነው፣ ወዴት እሄዳለሁ ብለው እንቢ አሉ። እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። ንጉሥ ዳዊት የሰውን ልጅ ለቅሶና ውዳሴ ሁሉ በመቶ ሃምሳ መዝሙር ጨርሶታል፤ እርስዎ ግን ለአንዲት ምስር ክክ ይህን ሁሉ ገጽ አልሰሰቱም። የቺፑ እግሮች በስንት ዲግሪ እንደሚታጠፉ፣ የትኛው ሠንጠረዥ በየትኛው ወር እንደታረመ፣ ካርቶኑ በስንት ፎቅ መደራረብ እንዳለበት ሳይቀር ተምሬአለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል፤ በዚያ ሁሉ ቃል መካከል ቆሜ የምትጠቅመኝን አንዲት ቃል አጣሁ።

ሁለተኛ፤ ፈላጊ ሰው መፈለጊያው ላይ አይጽፍም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ጻፍሁ እንጂ! በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ አልነሳም አለ፣ ጠፋ፣ ሞተ እያልሁ ፈለግሁ። ለካ በእርስዎ ቤት የሚሞት ነገር የለም፤ መሞት ማለት ከአገልግሎት ውጪ የጥበቃ ሁኔታ ይባላል። ለሞት ይህን የመሰለ ጨዋ ስም ስላወጡለት ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ሦስተኛው በግማሽ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልደብቅዎትም። የኔታ ሲያስነብቡን እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እያስነኩን ነበር፤ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አንድ ቃል የዘለለ ልጅ ወደ መጀመሪያው መስመር ይመለሳል። የዘለልኸው ፊደል በሰማይ ቆሞ ይከስሃል ይሉን ነበር። እኔም ያንኑ ይዤ ስንደዶ ቆረጥሁና የኮምፒውተሩን መስታወት እየነካሁ ከገጽ አንድ ጀመርሁ። ደንበኞቼ ሞባይላቸውን ትተው እኔን ያዩ ነበር፤ ዳዊት በኮምፒውተር መጣ እንዴ ያለኝም አለ። በአምስተኛው ቀን ልቤ ፈራና የኔታን በስልክ፣ ልዝለል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የሚስቡት አየር ይሰማኛል። አይዘለልም ልጄ፣ ይደርሳል አሉኝ። አለምነው በኋላ እንደነገረኝ ከሆነ ግን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ አዋቂዎቹ የት እንደሚገለጥ አስቀድመው ያውቃሉ። ወይ ጉድ! እንዳይነበብ ተብሎ የሚጻፍ መጽሐፍ መኖሩን እኔ ከየት ልወቅ?

አራተኛ፤ የኔታ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ እንደምን ዋልህ ልጄ፣ ዓይንህን አላመመህም ወይ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ደረስህ ብለው ሳያቋርጡ ጠየቁኝ። በአራተኛው ቀን፣ ስንተኛው ላይ ደረስህ ብቻ አሉ። በሰባተኛው ቀን፣ ስንተኛው አሉ። በስምንተኛው ቀን ቃል አልነበረም፤ እስትንፋስ ብቻ ነበር፣ እኔም ቁጥሩን ነገርኋቸው። እርስዎ አንዱን ነገር በሦስት ገጽ ሲያስረዱኝ እሳቸው ሦስቱን ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ይጠይቁኝ ነበርና፣ ከሁለታችሁ የትኛው መምህር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በዘጠነኛው ቀን ስልኩ በሰዓቱ ጠራ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስምንት፣ የኔታ፣ ብዬ አነሳሁት። የመለሰልኝ የፈንታነሽ ለቅሶ ነበር።

ከቀብር መልስ ማንበቤን ቀጠልሁ። ሰዎች በላይነህን ሐዘኑ ነካው አሉ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የአርባው ተዝካር ዋዜማ፣ እብናት ላይ ሴቶቹ ጠላ ሲያጠልሉ፣ እኔ ገጽ 2,871 ደረስሁ። ከገጹ ግርጌ፣ ከኮከብ ምልክት በታች፣ ከሌላው ፊደል ባነሰ ፊደል አራት መስመር ተጽፏል። ኃይል ተደጋግሞ ሲቋረጥ ቺፑ ራሱን ይቆልፋል፤ ለማስከፈት ሰባተኛውን እግር ከመሬት መስመር ጋር ለአሥር ሰከንድ ማገናኘት ይበቃል ይላል። በመርፌ ቁልፍ አገናኘሁት። አሥር ቆጠርሁ። ማሽኑ ተነፈሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

አሁን ማሽኑ እኔው ዘንድ ነው። ፈንታነሽ፣ አባቴ ያጣውን ትንፋሽ ዕቃ ሲተነፍሰው አልሰማም ብላ ትታልኝ ሄደች። ለጤና ጣቢያ ልሰጠው ቃል ገብቻለሁ፣ እሰጠዋለሁም፤ ግን ሳጠፋው ሁለተኛ ጊዜ የምገድላቸው እየመሰለኝ እጄ ይያዛል። ደንበኞች ከመጋረጃው ኋላ ሲሰሙት ማን ታሞ ነው ይሉኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያልጠራ ስልክ አነሳና ቁጥር እናገራለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ የምፈራው ግን እሳቸውን አይደለም፣ እዚያች ገጽ ላይ መቼ ደረስህ ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው።

ስለዚህ እንደ ታናሽ አንባቢዎ የምለምነው አንዲት ነገር ናት። በሚቀጥለው እትምዎ እነዚያን አራት መስመሮች ከግርጌ አንስተው ሰው ሳይሞት ከሚደርስበት ገጽ ላይ ያስቀምጡልኝ። ይህ የካርቶን አደራደሩን ምዕራፍ የሚያጣብብ ከሆነ ግን ይቅር፤ እኛ እንለምደዋለን።

መመሪያዎን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ፣ አንድም ሳይዘልል ያነበበ፣ ምናልባትም በዓለም ብቸኛው የሆነ፣ ዕድሜዎን እንደ ድርሰትዎ ያርዝምልዎ እያለ እጅ የሚነሳዎ፣

በላይነህ አስናቀ
የየኔታ ይሻው ተማሪ
ደብረ ታቦር

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፤ በመመሪያዎ ውስጥ፣ ይህ ገጽ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለባቸው አርባ ስድስት ገጾች ቆጥሬአለሁ። ከባዶዎቹ የመጀመሪያው፣ ገጽ ሁለት ነው፤ ማንበብ በጀመርሁበት ጠዋት፣ የኔታ ገና ሙሉ ቃል ሲናገሩ፣ እሱንም እንዳልዘል ብዬ በስንደዶ ነክቼው አልፌአለሁ። ሰሞኑን አራቱን መስመሮች በእጄ ጽፌ በዚያው ባዶ ገጽ ላይ ለካኋቸው። ቦታው ይበቃቸው ነበር።