ጠባቡን ቤት መረጥኩ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ቡራዩ

ጠዋት ሦስት ኩንታል ሽንኩርት ተሸጠ፤ ሁለት ቀርቷል። ይህንንም ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ያውቁታል። ሸራውን ገልጠው ያዩና ለገዢዎቼ ይነግራሉ፤ ገዢው እንደተረፈኝ ሲያውቅ ዋጋ ይሰብርብኛል። ስለዚህ ዛሬ ሰበታ ሄጄ በደላላ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች አየሁ።

የመጀመሪያው ሰፊ ነው፤ ውኃውም አይጠፋም። አጠገቡ የምትኖረውን ሴት ስለቀድሞው ተከራይ ጠየቅኳት።

«እሱማ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ዳቦ ብቻ ነበር የሚበላው» አለችኝ።

ቁልፉን ለደላላው መለስኩለት።

ሁለተኛው ጠባብ ነው፤ ለሽንኩርቱ ግን በረንዳ አለው። ጎረቤቱ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውንም ያንኑ ጠየቅኳቸው።

«ደህና ሰው ነበር» አሉኝ።

«ምን ይሠራ ነበር?»

«እሱን ራሱን ብትጠይቂው አይሻልም፣ ልጄ?»

እዚያው ቀብድ ከፈልኩ። ደላላው «ሰፊውን ትተሽ?» እያለ ሳቀብኝ።

ማታ ስገባ እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«የት ዋልሽ?»

«ሰበታ።»

«ምነው፣ ሽንኩርት እዚያ ረከሰ እንዴ?»

«እያጣራሁ ነው» አልኳቸው። እሳቸው የማያውቁት ነገር ይዤ ስተኛ ይህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ነገ ዕቃ የሚጭን አይሱዙ መነጋገር አለብኝ። ሹፌሩ ከዚህ ሰፈር ያልሆነ ይሁን።