ስልኩ ያንቺ፣ ሙዙ የእኔ

ሳባ፣
ያዋስሽኝ ስልክ ትራስሽ ስር ነው። ከፈለግሽ አሁኑኑ ፎርማት አድርጊው፤ የእርሻ ጌሜን በራሴ ኢሜይል ሴቭ አድርጌዋለሁ።
የኢንተርኔት ፓኬጅሽን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሴቭ አልደረግ ሲለኝ ደጋግሜ ሞከርኩ።
የክፍላችንን ጀሪካን ውሃ ሞልቼልሻለሁ።

«የጫኖ ሙዝ ገበሬ ልጅ ሆነሽ በስልክ ሙዝ ትተክያለሽ?» ብለሽ በሰው ፊት ሳቅሽብኝ።
አዎ፣ እተክላለሁ! እዚያ ጌሙ ውስጥ «ሴት ነሽ፣ ነገ ባል ታገቢያለሽ» ብሎ መሬቴን የሚነጥቀኝ የለም።

ዛሬ ወንድሞቼ የሟቹን አባታችንን ማሳ ሊካፈሉ ሽማግሌ አስቀምጠዋል። እኔን የጠራኝ የለም።
ሄጃለሁ።
ማታ አትጠብቂኝ። የስልክ ሙዟን ያልለቀቀች፣ የአባቷን ትለቃለች?

ልክነሽ