«የልጄን መድኃኒት እጠብቃለሁ»

ሐሙስ፣ ጥር 14

ለምወደውና ለማይሰማኝ አባቴ፤

ሰላም ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ትናንት ደውላ ጉድህን ነገረችኝ። ሐኪሙ የደም ካንሰሩን ሕክምና ሰኞ እንጀምር ቢልህ «የልጄን መድኃኒት እጠብቃለሁ» ብለህ ጃኬትህን አንስተህ ወጣህ አሉ። ለጎረቤቱም ሁሉ «ልጄ አገኘችው» እያልክ ስታወራ ከርመሃል። ኮራሁም፣ ደነገጥኩም።

ባለፈው በስልክ «በሰው ሴል ላይ ሠራልን» ስልህ ሰው የዳነ መሰለህ። እኛ ላቦራቶሪ የምንውል ሰዎች እንዲህ ስንል፣ ከለጋሽ ደም ወስደን በትንሽ ሳህን የምናሳድገውን ሴል ማለታችን ነው። የዳነ ሰው የለም አባዬ።

ሥራዬ ይኸውልህ። ዓይን የማያየው፣ ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ የፕላስቲክ ዘመድ አለ። በእሱ ጂን እንጠቀልላለን፤ ጂን ማለት ለሴሉ የምንልክለት ትእዛዝ ነው። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ጥቅሉን ይውጠዋል፤ መጠቅለያው ይሟሟል፣ ትእዛዙ ይቀራል፣ ሴሉም ካንሰሩን ለይቶ ያጠቃል። ታዲያ ጥቅሉን ከበጠበጥኩ በኋላ ቶሎ ሴሎቹ ላይ ካልጨመርኩት ልፋቴ ሁሉ ገደል ይገባል። ማክሰኞ ስልክህን ያላነሳሁት ለዚህ ነው እንጂ ንቄህ አይደለም።

አሁን ገና አይጦች ላይ ነን። አንተ ዕድሜ ልክህን መኪና ስትጠግን፣ ፍሬኑን ራስህ ነድተህ ሳትሞክር ለባለቤቱ አስረክበህ ታውቃለህ? ደንበኛ እየጮኸብህ እንኳ አታደርገውም ነበር። እኔም ያንተው ልጅ ነኝ። የእኛ ሙከራ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ቀጥሎ ያለውን እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነው የቆየሁት። የኔ መድኃኒት ላንተ አይደርስም። የሐኪምህ መድኃኒት ያስመልሳል፣ ያደክማል፣ ፀጉርም ያረግፋል፤ በፀጉሩ በኩል እንኳን አንተ ብዙ የምታጣው የለህም። ግን ዛሬ በእጃችን ያለው እሱ ነው። እባክህ፣ ስለ እኔ ብለህ ሕክምናውን ጀምር።

ይህን በእማዬ ስልክ ነው የምልከው፤ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው። እሷ ካነበበችልህ ታለቅሳለች።

አይጦቼን ለሥራ ባልደረባዬ አስረክቤያለሁ። እሑድ እገባለሁ፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን። እኔ እስክደርስ እግዜር ያቆይልኝ። በሩን ስትከፍትልኝ ግን፣ ሥራሽን ጥለሽ ለምን መጣሽ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

ልጅህ