ሃያ ዘጠኝ ሰዓት

ጅቡቲ፣ አርሂባ
ነሐሴ 11

ለውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ እንዴት ናችሁ? የሜልቦርን ብርድ ቀለል አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እዚህ ሙቀቱ አልበረደም፤ መብራት ሲጠፋ እማን በካርቶን ሳራግብላት እውላለሁ።

በስልክ «የእማ ትኬት ከምን ደረሰ?» ስትዪኝ «እየጨረስኩ ነው» የምልሽ ውሸቴን ነበር። ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ መጻፍ መረጥኩ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

ካርቲየ 2 ሰፈር ትኬት የምትቆርጠው ውዳድ መንገዱን ጻፈችልኝ። ከዚህ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ከዚያ ባንኮክ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከባንኮክ እናንተ ጋ ሌላ ዘጠኝ። በየአየር ማረፊያው የምትጠብቀው ሲደመር ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ከአስራ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የልብ ሕመምተኛ ከሆነች የሐኪም ፈቃድ ያስፈልጋል አለችኝ።

ማክሰኞ ለት ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው ውዳድ የጻፈችውን ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ድሬዳዋ ቢሆን እፈቅድ ነበር። ይህን አልፈርምም» አለኝ በፈረንሳይኛ።

እህቴ፣ አሁን ለምነግርሽ አላህ ይቅር ይበለኝ። ለመንኩት። «አንተ ብቻ ፈርም፣ የሚመጣውን እኛ እንችለዋለን» አልኩት። ለአንቺ ናፍቆት ብዬ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንስቻታለሁ፣ አጥቤያታለሁ። ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ተቀምጣ ነው የምትተኛው፤ እኔም አብሬያት ተቀምጬ። ደክሞኛል። መንገድ ላይ ምን ልትሆን እንደምትችል እያወቅኩ ነው የለመንኩት። ሐኪሙ «አጠገቧ ማን ይቀመጣል?» ሲለኝ የውዳድን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እማ ፈረንሳይኛ አትሰማም ብዬ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ ከተማ የነገደች ሴት መሆኗን ረስቼ። ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘችኝ። «ደክሞሻል፣ አልቀየምሽም» አለችኝ። ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። ቀጥላም «መንገዱ ከወዲያም ያው ነው። የእህትሽ ልብ ጤነኛ ነው፣ እሷ ትምጣ» አለች።

ልጆቹ በታኅሣሥ ትምህርት ሲዘጉ እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር። ሥራሽ እንደማይለቅሽ አውቃለሁ፤ ልጨቀጭቅሽ አይደለም። ለሐኪሙም «እህቴ በታኅሣሥ ትመጣለች» ብዬው ነበር። እሱ የኦክስጅን ሲሊንደር ቤት እንድናስገባ ጻፈልኝ። በየወሩ የሚሰጠንን ቀጠሮ ግን በዚህኛው ወር አልሰጠንም። የረሳ መስሎኝ ከበሩ ተመልሼ ጠየቅኩት። «አያስፈልግም፣ ቤቷ ትረፍ» አለኝ።

እማ «አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ብላሻለች። እኔም አሚን ብያለሁ። ውዳድን ጠይቄያት ነበር፤ የፊታችን ሐሙስ ከእናንተ ወደዚህ በሚመጣው አውሮፕላን ክፍት ወንበር አለ ትላለች።

እናታችን ዘንድ ያለችው ታናሽ እህትሽ